ገመዱን ያየ ሁሉ ጣሪያውን አላየም

ደብረ ዳሞን ጎብኝቶ የተመለሰ ሰው «ምን አየህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ገመዱን ይናገራል። ዐሥራ አምስት ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ የቆመውን ገደል፣ ከጠፍር የተገመደውን መውጫ፣ በወገቡ ዙሪያ የታሰረለትን ሁለተኛ ገመድ፣ ከላይ ሆነው የሚስቡትን መነኮሳት፣ እግሩ መርገጫ ያጣበትን ቅጽበት አንድ በአንድ ይተርካል። «ከወጣህ በኋላስ?» ሲባል ግን ቃል ያጥረዋል። «በጣም ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ» ይልና ተመልሶ ወደ ገመዱ ይገባል።

ጥፋቱን በጎብኚው ላይ መጫን አይገባም። ይዞ የተመለሰው የተሰጠውን ነው። በትግራይ አምባዎችና ገደሎች ላይ ወደሚገኙት ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት የሚደረገው የአንድ ቀን ደርሶ መልስ ጉብኝት መውጣቱን ግብ፣ የተወጣለትን ጥበብ ግን እግረ መንገድ የሚታይ ነገር አድርጎ የተዘጋጀ ነው። ከጦርነቱ በፊት በተለመደው አኳኋን፣ ጠዋት ከአክሱም ወይም ከአዲግራት ተነሥቶ፣ ኮረኮንቹን ጨርሶ፣ ተራ ጠብቆ ገመዱን የያዘ ሰው አፋፉ ላይ ብቅ ሲል አስጎብኚው ሰዓቱን መመልከት ጀምሯል። የቀረችው ጊዜ ለፎቶግራፍ ነች። ከሺህ ዓመት በላይ ታሪክ ያለው የእጅ ሥራ ላብ ለማድረቅ በማትበቃ ጊዜ ውስጥ ይታለፋል።

ነገሩ ዛሬ መነሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 የጀመረው ጦርነት ጉብኝቱን አቋረጠው። በ2021 መጀመሪያ ላይ ደብረ ዳሞ ራሱ በከባድ መሣሪያ እንደ ተመታና ጉዳት እንደ ደረሰበት በስፋት ተዘገበ። በኅዳር 2022 በፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ወደ ገርዓልታ የሚጓዙ ጎብኚዎች ቀስ በቀስ ብቅ ማለት ጀመሩ። የተቋረጠ ሥራ ሲቀጥል ወይ እንደ ነበረ ይቀጥላል፣ ወይ ታርሞ ይቀጥላል። መምህራን፣ የኪነ ጥበብ ሰዎችና የባህል ሥራ ኀላፊዎች ዝም ካሉ የሚመለሰው የቀድሞው ልማድ እንደሚሆን አያጠራጥርም፤ እርሱን የሚመልሰው ሰው ብዙ ነውና።

ለመሆኑ በአምባው ላይ ያለው ምንድን ነው? በስድስተኛው ምእተ ዓመት ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ በሆኑት በአቡነ አረጋዊ እንደ ተመሠረተ የሚነገርለት ገዳም ነው። ቅዱሱን ዘንዶ ተሸክሞ እንዳወጣቸው የሚናገረውን ትውፊት የማያውቅ አስጎብኚ የለም፤ መናገሩም ተገቢ ነው። ግድግዳውን ግን ዘንዶ አልሠራውም። ግድግዳው የቆመው ድንጋይና እንጨት በተራ በተራ እየተነባበሩ ነው። በግድግዳው ርዝመት የተጋደሙትን ወራጆች በአግድም የገቡ አጫጭር ግንዶች ይቆልፏቸዋል፤ የግንዶቹ ጫፍ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ስለሚታይ «የዝንጀሮ ራስ» የሚል ስም ወጥቶለታል። የአክሱምን ሐውልቶች ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሰው እነዚህኑ ራሶች በድንጋይ ላይ ተቀርጸው አይቷቸዋል። በሐውልቱ ላይ ጌጥ ናቸው፤ የሚሸከሙት ነገር የለም። በደብረ ዳሞ ግን ሥራ ላይ ናቸው፤ ሕንፃውን አስረው ይዘውታል። የድንጋይ ጠራቢው በሐውልቱ ላይ የቀዳው የአናጢውን አሠራር ነው፤ አናጢው የሠራበት እንጨት ራሱ በቦታው ቆሞ የሚታይበት ሕንፃ ደግሞ በአገሪቱ ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነው። ጎብኚው ብዙውን ጊዜ በአንድ ጉዞ አክሱምንም ደብረ ዳሞንም ያያል። ሁለቱን የሚያገናኘውን ይህን አንድ ነገር ግን ሳይሰማ ወደ አገሩ ይመለሳል።

ከመግቢያው በላይ ያለው ጣሪያ ደግሞ አለ። ባለ አራት ማዕዘን የእንጨት ገበታዎች ተገጣጥመው የሸፈኑት ሲሆን በገበታዎቹ ላይ እንስሳት ተቀርጸዋል፤ አንበሳ፣ ዝሆን፣ ግመል፣ ሚዳቋ፣ እባብ። ለአንድ የቅርጻ ቅርጽ ተማሪ ይህ ጣሪያ የአንድ ወሰነ ትምህርት ሥራ ይወጣዋል። ቀራጩ በጠባብ ማዕዘን ውስጥ ትልቁን አውሬ እንዴት አጎንብሶ እንዳስገባው፣ ባዶውን ቦታ በምን እንደ ሞላው፣ እንጨቱ በሄደበት አቅጣጫ መሮው እንዴት እንደ ታዘዘለት መመልከት ብቻ ብዙ ያስተምራል። ስሙን አልተወም። ጎብኚው ይህን ሁሉ ለማየት የሚጠበቅበት አንገቱን ቀና ማድረግ ነበር። እርሱ ግን ገመዱ የላጠውን መዳፉን እያገላበጠ ከሥሩ ያልፋል።

እዚህ ላይ ለገመዱም መከራከር ያስፈልጋል፤ በጉብኝቱ ውስጥ ከሁሉም በላይ የተወራለት ገመድ ከሁሉም በላይ ያልታወቀው ነውና። ለገዳሙ ገመድ ትርኢት አይደለም። እህሉ፣ የሥራው እንጨት፣ በሬው ሳይቀር ወደ አምባው የሚገባው በእርሱ ተስቦ ነው። ውኃው በዓለት ውስጥ ተፈልፍለው በተሠሩ ጉድጓዶች የሚጠራቀም የዝናም ውኃ ነው፤ ዓለቱን የፈለፈለውም የሰው ክንድ ነው። ቆዳውን ማን አለፋው? ማን ገመደው? ሲያረጅ ማን ይለውጠዋል? ጎብኚውን በቀን ስንት ጊዜ የሚስቡት ክንዶች የማን ናቸው? በጉብኝቱ ላይ እነዚህን ጥያቄዎች የሚያነሣ አስጎብኚ ቢገኝ፣ ገመዱ ራሱ ከልብ ትርታ መቁጠሪያነት ወጥቶ ሥራን የሚያስረዳ ነገር በሆነ ነበር።

የአምባው ታሪክ ከዚህም ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ1906 የጀርመን የአክሱም ጥናት ቡድን ሕንፃውን መዝግቧል፤ በ1948 እንግሊዛዊው አርክቴክት ዲ. ኤች. ማቲውስ እድሳቱን መርቷል። በ1940 ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ሞርዲኒ በዚያ መገኘታቸውን ያስታወቃቸው ከመቶ በላይ የሆኑ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች፣ ከገዳሙ መመሥረት አስቀድሞ የቀይ ባሕር ንግድ ከሰሜን ሕንድ ጋር ምን ያህል የተሳሰረ እንደ ነበር ይመሰክራሉ። አንድ የታሪክ መምህር ከዚህች አንዲት ግኝት ብቻ የአንድ ሳምንት ትምህርት ሊያወጣ ይችላል።

ወደ ገርዓልታ ቢዞሩም ነገሩ ያው ነው። የአቡነ የማታ ጉሕ ቤተ ክርስቲያን ዝናው የተመሠረተው ጫማ ተወልቆ በሚወጣበት ቋጥኝና ከበሩ አጠገብ ባለችው ጠባብ የገደል ጠርዝ ላይ ነው። የጉዞ ማስታወቂያዎች የጥልቀቱን ነገር አግንነው ይጽፋሉ። በውስጡ ግን ዓለቱ በጉልላት መልክ ተፈልፍሎ፣ በአንደኛው ጉልላት ዘጠኝ ሐዋርያት፣ በሌላው ደግሞ ስምንት ቅዱሳን ክብ ሠርተው ተሥለዋል። ተሰዓቱ ቅዱሳን ዘጠኝ ናቸው። ዘጠነኛው የት ሄደ? መልሱ እዚያው ግድግዳው ላይ ነው፤ የቤቱ ባለቤት አቡነ የማታ ለብቻቸው በፈረስ ላይ ተቀምጠው ይታያሉ። ሠዓሊው በጉልላቱ ላይ ያጎደለውን በግድግዳው ላይ አክብሮ ሞልቶታል። ይህን ለማስተዋል ልዩ ዕውቀት አይጠይቅም፤ መቁጠር ይበቃል። መቁጠር ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ጉብኝቱ የነፈገውም እርሱን ነው። የትግራይን ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር ለዓለም ምሁራን ያቀረቡት የአገሩ ተወላጅ አባ ተወልደ መድኅን ዮሴፍ መሆናቸውን፣ ይህም የሆነው እ.ኤ.አ. በ1966 አዲስ አበባ በተደረገው የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ላይ መሆኑን በቦታው የሚናገር ቢኖር መልካም ነበር። ከመቶ በላይ አብያተ ክርስቲያናትን የዘረዘረ ሰው ስም ከገደሉ ጥልቀት ያነሰ ዜና አይደለም።

የጉዞ ድርጅቶች የሚሰጡት መልስ የታወቀ ነው፤ «ገበያው የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ ቀኑም አጭር ነው» ይላሉ። ገበያው የሚጠይቀው ያሳዩትን ነው። በማስታወቂያው ላይ ጣሪያውን አይቶ የማያውቅ ሰው ጣሪያውን አሳዩኝ ሊል አይችልም። የቀኑ አጭርነት እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን በአንድ ቀን ሦስት ቦታ መርገጥን ትቶ አንዱን ማየት ነው። ቀላሉ እርምጃ ይህ ሆኖ ሳለ የማይወሰደው በመጽሔቱ ላይ የሚታተመው የቦታ ስም ብዛት ገንዘብ ስለሚያመጣ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

ሌሎች ደግሞ ችግሩ ያለው በገመዱ ነው ብለው ደረጃ ቢሠራ ይመኛሉ። ለእነዚህ የግሪክን ሜቴዎራ ማሳየት ይበቃል። በቴሳሊ ሜዳ ዳር በቆሙት የዓለት ምሰሶዎች ላይ ከሃያ በላይ ገዳማት ነበሩ፤ ዛሬ የሚኖርባቸው ስድስቱ ናቸው። ሰውም ዕቃም በመረብና በመሰላል ይወጣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በዓለቱ ላይ ደረጃ ተቆረጠ። ዛሬ ከአቴና በአውቶቡስ ተነሥቶ በዚያው ቀን የሚመለስ ጎብኚ የቀኑን ትልቁን ክፍል በመንገድ ላይ ያሳልፋል፤ ከደረሰም በኋላ ዓለቱን ከሩቅ ፎቶግራፍ ለማንሣት ይሽቀዳደማል። የቀርጤሱ ሠዓሊ ቴዎፋኒስ በ1527 በቅዱስ ኒቆላዎስ ገዳም የሣላቸው ሥዕሎች እዚያው እያሉ ነው። እንግዲህ ደረጃው ጉልበትን አዳነ እንጂ ዓይንን አልከፈተም።

ከሁሉም የሚከብደው ጉዳይ ግን የተማሪዎች ጉዞ ነው። ወደ ደብረ ዳሞ ሴት አትወጣም፤ የገዳሙ ሥርዐት ነው፤ ሥርዐቱን የመለወጥ ሥልጣን የገዳሙ እንጂ የጉዞ አዘጋጅ አይደለም። ነገር ግን አንድ ትምህርት ቤት ወንዶቹንና ሴቶቹን ጭኖ ወስዶ፣ ወንዶቹ ሲወጡ ሴቶቹን በመኪናው ጥላ ሥር ቁጭ በሉ ሲል ሥርዐት አከበረ ማለት አይቻልም፤ የግማሹን ክፍል ትምህርት ሰርዟል። ለሴቶቹ ተማሪዎች የተዘጋጀ ምን ነበር? የጣሪያው ንድፍ ከገደሉ ሥር ተዘርግቶ ይታያል? የግድግዳው አሠራር በጭቃና በእንጨት ተሞክሮ ይታያል? እቴጌ ሰብለ ወንጌል በኢማም አሕመድ ጦርነት ጊዜ በዚሁ አምባ ላይ ተጠግተው እንደ ቆዩ፣ እ.ኤ.አ. በ1541 የፖርቹጋል ወታደሮች ሲደርሱም ወርደው እንደ ተቀላቀሏቸው የሚናገረው ታሪክ ይነገራቸዋል? ከዚህ አንዱም ሳይደረግ «ሥርዐቱ ነው» ብሎ መገላገል የስንፍና መሸሸጊያ ነው። ከዚያም በላይ፣ ሴቶች የሚገቡባቸው ሞልተዋል። ከላሊበላ አቅራቢያ በዋሻ ውስጥ የቆመው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እንጨትና ድንጋይ የሚያፈራርቀውን ያንኑ የአክሱም አሠራር ያሳያል፤ የገርዓልታዎቹም አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ሁለቱም ጾታ የሚያየውን ቦታ አስቀድሞ መርጦ፣ ደብረ ዳሞን ከዚያ ጋር አነጻጽሮ ማስተማር ምን ያግዳል?

ሥራው የብዙ ሰው ነው፤ ከባድ ግን አይደለም። መምህሩ ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት የዝንጀሮ ራስን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይሣል፤ ተማሪው አክሱምንና ዳሞን ራሱ ያገናኝ። የባህል ሥራ ኀላፊው ለአስጎብኚዎች ፈቃድ ሲሰጥ የነገሥታትን ስም ማጥናታቸውን ብቻ ሳይሆን ግድግዳን ማንበብ መቻላቸውን ይፈትን። ገመድ ለሚስቡት፣ ቁልፍ ለሚከፍቱት፣ ቋጥኙን ለሚያስወጡት የአካባቢው ሰዎች የሚገባው ክፍያ ጉዞው ሲዋዋል ተለይቶ ይጻፍ፤ በጎብኚው ችሮታ ላይ አይንጠልጠል። የካሜራ ብልጭታ በጥንታዊ ቀለም ላይ መተኮሱ ይቁም፤ በምትኩ እርሳስና ወረቀት ይያዝ። ሠዓሊዎችና ቀራጮች ደግሞ ከገዳሙ ፈቃድ አግኝተው፣ የጣሪያውን ገበታዎች አንድ በአንድ በልካቸው ይንደፏቸው፤ ጦርነት በደጃፉ ያለፈ ቅርስ ንድፉ ሌላ ቦታ ሊቀመጥለት ይገባል። የንድፉ አንዱ ቅጂ ለገዳሙ፣ አንዱ ለአክሱም ሙዚየም፣ አንዱ ደግሞ ከገደሉ በታች ላሉት ትምህርት ቤቶች ይሁን፤ በየቀኑ አምባውን ከሩቅ እያዩ ያደጉት ልጃገረዶች አንበሳውንና ዝሆኑን በገዛ ደብተራቸው ላይ ይገልብጧቸው።