መብራቱን ያበራን ዕዳውንም እንክፈል

በባራካ ያሉት አራት የኑክሌር ማመንጫዎች የተባበሩት አረብ ኤምሬትስን የኤሌክትሪክ ፍላጎት ሩቡን ያህል ይሸፍናሉ። ዱባይና አቡ ዳቢ፣ ፈረንሳይና አሜሪካ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ አወቃችሁትም አላወቃችሁት ከኑክሌር ኃይል ማዕድ ትቋደሳላችሁ። ኢትዮጵያም በመስከረም 2018 ዓ.ም. ከሩሲያ ጋር የማመንጫ ግንባታ የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርማለች። እንግዲህ ጉዳዩ የሁላችንም ነው።

ከማዕዱ የሚተርፈው ፕሉቶኒየም ያለበት ያገለገለ ነዳጅ ነው። ፕሉቶኒየም 239 ግማሹ እስኪፈርስ ብቻ 24,100 ዓመት ይፈጃል። ለዚህን ያህል ዘመን ዘበኛ አይቀጠርም፤ አቶሞቹን በውስጡ ቆልፎ የሚይዝ ሴራሚክ ያስፈልጋል። አንዱ ዕጩ ዚርኮን የተባለው ማዕድን ነበር። በምዕራብ አውስትራሊያ ጃክ ሂልስ የተገኘው ዚርኮን 4.4 ቢሊዮን ዓመት ዘልቋልና ማን ይጠረጥረዋል?

ጠላቱ ግን ከውስጥ ነው። ፕሉቶኒየሙ ሲፈርስ የአልፋ ቅንጣት ይተኩሳል፤ ተኳሹ ኒውክሊየስም ወደ ኋላ ተወርውሮ፣ ገበያ መሐል እንደ ደነበረ በሬ፣ ያገኘውን አቶም ሁሉ ከቦታው ይነቅላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የካምብሪጁ ኢያን ፋርናንና ባልደረቦቹ ሲለኩት፣ አንድ ፍርሰት ወደ 5,000 የሚጠጉ አቶሞችን እንደሚያፈናቅል አገኙ፤ ቀድሞ ከተገመተው በብዙ ይበልጣል። በዚህ ስሌት ፕሉቶኒየም የያዘ ዚርኮን በ1,400 ዓመት ክሪስታልነቱን ያጣል። የአክሱም ሐውልቶች እንኳ ከዚያ በላይ ቆመዋል።

ሁሉም ሴራሚክ እንዲህ አይሸነፍም። ጋዶሊኒየም ቲታኔት በጨረር ሲደበደብ የአቶሞቹ አደራደር ይፈርሳል። ቲታኒየሙ በዚርኮኒየም ሲተካ ግን ክሪስታሉ ጸንቶ ይገኛል፤ ዚርኮኒየም በመጠን ለጋዶሊኒየም ስለሚቀርብ፣ ሁለቱ ቦታ ቢቀያየሩ ክሪስታሉ ብዙም አይናጋም። ሥርዓቱን ሲጠብቅ የኖረው ፈርሶ፣ ላላ ያለው መቆሙ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ይህን ለእያንዳንዱ ዕጩ ማረጋገጥ ግን አሰልቺ ሥራ ነው፦ ናሙና መጋገር፣ በአዮን መደብደብ፣ በኤክስሬይ ማየት፣ እንደገና ማጋል፣ እንደገና ማየት። ጭብጨባ የለውም። የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የጂኦሎጂ ተማሪዎች፣ ጥቂቶቻችሁ ለዚህ ተሰለፉ። ማመንጫ እስኪሠራ መጠበቅ የለባችሁም። የስሪላንካ አረንጓዴ ዚርኮን በገዛ ዩራኒየሙ ለመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት ሲደበደብ ኖሮ አብጧል፤ ሲያግሉት ቀስ በቀስ ያገግማል። ምድጃና የኤክስሬይ መሣሪያ ያለው ላቦራቶሪ ይህን ማገገም መለካት ይችላል።

በማመንጫው ድርድር ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጣችሁ ደግሞ፣ ያገለገለው ነዳጅ የት፣ በምን ዕቃ፣ በማን ገንዘብ እንደሚቀመጥ ውሉ ላይ ይስፈር። ፊንላንድ ያገለገለ ነዳጇን ለመቅበር ኦንካሎ ላይ ከ400 ሜትር በላይ ወደ ታች ስትቆፍር ወጪውን የሸፈነችው ከኤሌክትሪኩ ዋጋ ላይ አስቀድማ ካጠራቀመችው ገንዘብ ነው። እኛም መቆጠቡን ከመጀመሪያው ኪሎዋት ሰዓት እንጀምር።