ገመዱን የሚይዘው እጅ የማን ነው?

ባለፈው እትም ለወጣቶቻችን ጂም አንድ ያገለገለ ኬብል ማሽን መገኘቱን ነግሬያችሁ ነበር። መዘውሩ ይሽከረከራል፣ ክብደቶቹም ሙሉ ናቸው። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ገመዱ ጫፍ ላይ የሚንጠለጠል መያዣ የለውም። እጀታ የሌለው ጀበና በሉት።

ስለዚህ 40 ወጣቶች እያንዳንዳቸው 250 ሽልንግ አዋጡና 10,000 ሽልንግ ሞላ። አንዳንድ አባቶች «ራሽን እየቀነሰ ጡንቻ ምን ያደርጋል?» ማለታቸው አልቀረም። አልፈርድባቸውም፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ራሽናችን እንዴት እንዳሽቆለቆለ እኛው የቀመስነው ነው። ነገር ግን ከሰዓት በኋላ ሥራ ፈትቶ የሚውል ልጅም የሚሄድበት ያስፈልገዋል። እኔ በትምህርት ጉዳይ የመውጫ ፈቃድ ስለነበረኝ፣ «ቲቸር፣ እግረ መንገድዎን ይግዙልን» ብለው ገንዘቡን አስረከቡኝ።

እውነቱን ልናገርና፣ አደራው ከብዶኝ ነበር። ባለፈው ዓመት በቆርቆሮ ጣሳ ሲሚንቶ ሞልተን፣ ከእንጨት ላይ መዘውር ሰቅለን እንሠራ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ብረቱን ከገመዱ ጋር ያገናኘነው በሽቦ ነበር። ሽቦው ተፈታና ብረቱ የአንድ ልጅ ግንባር ፈነከተ። ሽቦውን ያጠመዘዝኩት እኔ ነበርኩ። ልጁ ድኗል፤ ጠባሳውን ግን በየቀኑ ክፍል ውስጥ አየዋለሁ።

በሎድዋርና በኪታሌ አድርጌ ናይሮቢ ገባሁ። አውቶቡሱ ሪቨር ሮድ አካባቢ አወረደኝ፤ በብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ በኩል አልፌ መሃል ከተማ አንድ የስፖርት ዕቃ መደብር ዘለቅሁ። ግድግዳው በሚያብረቀርቅ ብረት ተሸፍኗል፦ ረጅም፣ አጭር፣ ጎባጣ፣ ባለ ሁለት ጫፍ ገመድ፣ ምኑ ቅጡ! ሻጩ ዐሥር ዓይነት ዕቃ አንድ ላይ አድርጎ «9,500 ብቻ፣ ራፊኪ» አለኝ። ልቤ ከጅሎ ነበር። ዐሥር ዕቃ ይዤ ብመለስ እንዴት እንደምከበር አስቡት!

ደብተሬን አውጥቼ እንደ ፈተና ጥያቄ አንድ በአንድ አየሁት። ከዐሥሩ ስድስቱ የተለያየ ቅርጽ ያላቸው ብረቶች ናቸው፤ ሁለቱ ቢበዛ ሦስቱ የሁሉንም ሥራ ይሠራሉ። ባለ ሁለት ጫፉን ገመድ ደግሞ ለምን እገዛለሁ? ወፍራም ገመድ ቆርጦ፣ ቀለበቱ ውስጥ አሳልፎ፣ ሁለቱን ጫፍ ጠበቅ አድርጎ መቋጠር ነው። ጠንካራ ፎጣም ያገለግላል።

የሚገናኙባቸው ቀለበቶች ግን ለቁልፍ መያዣ እንደሚሸጡት ስስ ናቸው፤ የመሸከም ኃይላቸውም አልተጻፈባቸውም። እዚያ ላይ ሽቦዬ ትዝ አለኝና ዕቃውን መለስኩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ፊዚክስ ታገሡኝ። ቋሚ መዘውር የኃይልን አቅጣጫ ይቀይራል እንጂ ጫናውን አያቀልም፤ 20 ኪሎ ያው 20 ኪሎ ነው። አንድ ተንቀሳቃሽ መዘውር የተጨመረበት ማሽን ላይ ግን እጃችን የሚሰማው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሌላ ጂም 40 ያነሳ ጎረምሳ እኛ ጋ 20 ቢከብደው አይፈር፣ አይፎክርም። ደግሞ ክብደት ተለቆ በድንገት ሲያዝ ቀለበቱ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከክብደቱ በጣም ይበልጣል። ስለዚህ ቀለበት ሲገዛ ቁጥሩን ማንበብ ነው፤ 1 ኪሎ ኒውተን ማለት ወደ 100 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ጭነት ነው። ከምናነሳው ብዙ እጥፍ የሚችል መሆን አለበት። እንዲህ ያለውን ኪሪንያጋ መንገድ ላይ ከአንድ የብረታ ብረት ሱቅ አገኘሁ፤ አንዱ 600 ሽልንግ፣ አራት ገዛሁ።

ለጀርባ የሚሳበውን ረጅም ብረት ካሙኩንጂ አሠራሁት። ሳጥኑ፣ ምድጃው፣ የእጅ ጋሪው ሁሉ እዚያ ሲቀጠቀጥ ይውላል። የእጅ ባለሙያዎቹን «ጁዋ ካሊ» ይሏቸዋል፤ በስዋሂሊ ኃይለኛ ፀሐይ ማለት ነው። ፀሐይስ እኛ ዘንድ ይምጡና ይዩ! ፉንዲው ግድግዳው ወፈር ያለ ቱቦ መርጦ፣ ጫፍና ጫፉን ጎንበስ አድርጎ፣ መሃሉ ላይ ማንጠልጠያውን በየደልኝ። ብየዳው ዙሪያውን ሳይቆራረጥ መግጠሙን አይቼ፣ በሁለት እጄ ተንጠልጥዬበት ነው 1,800 የከፈልኩት። አላፊ አግዳሚው ሳቀብኝ፤ ይሳቅ።

ጥንድ የአንድ እጅ መያዣ በ2,400 ጨመርኩ። ከሁሉም የሚጠቅመው ይኸው ነው። ደረት፣ ትከሻ፣ ጀርባ፣ ክንድ፣ ሁሉን ያሠራል፤ ብርቱው እጅ ለደካማው እጅ እንዳይሠራለትም ይከለክላል።

ልወጣ ስል ከአዋጪዎቹ አንዱ ትዝ አለኝ። ቀኝ እጁ ከአንጓው በታች የለም። እንደ ሌሎቹ 250 ሽልንጉን ሰጥቷል፤ «ለኔስ?» ብሎ ግን አልጠየቀም። ዐሥሩም ዕቃ በጣት የሚጨበጥ ነበር። ተመልሼ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰረውን ሰፊ ቀበቶ በ1,500 ገዛሁ። ለእግር ተብሎ የተሠራ ነው፤ ከክርን በላይ ሲታሰር ግን ለክንድም ይሆናል። ሴቶቹም በሰዓታቸው ለእግር ይሠሩበታል።

ሒሳቡ ይኸውላችሁ፦ ቀለበት 2,400፣ ረጅም ብረት 1,800፣ የእጅ መያዣ 2,400፣ ቀበቶ 1,500፤ ድምር 8,100። የቀረው 1,900 ለገመድ መቀየሪያ ተቀምጧል። ደረሰኞቹን ማየት የፈለገ ትምህርት ቤት ይምጣ።

ገመዱን ደግሞ አደራ! ብዙ ቀጫጭን ሽቦ ተጠማዝዞ የተሠራ ነው፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው። በየሳምንቱ ጫፍና ጫፉን እዩ። ሽፋኑ ተሰንጥቆ አንዲት ሽቦ እንኳ ብቅ ካለች ማሽኑ ይቁም። ራሽኑም ቀጭን ስለሆነ ክብደቱን ቀለል አድርጉት።

ያ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ቀበቶውን አስሮ ሦስት ጊዜ ዐሥር ዐሥር ሳበ። ግራና ቀኙን አፈራርቆ። አጨበጨብንለት፤ እሱ ግን «ቲቸር፣ ክብደት ጨምሩልኝ» ብቻ ነው ያለው።

ቸር እንሰንብት።