ከሽማግሌ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

ብስራተ ገብርኤልም እንደ ሌላው ሰፈር፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት «ዘራቸው ውስጥ አእምሮውን የታመመ አለ ወይ?» ብሎ ማጠያየቅ አልቀረም። የዚህ እትም ዋና ጽሑፍ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊዋ የአእምሮ ሕመምን ዘረመል የምታጠና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ናት።

የምትተርክልን ስለ ኒውሮጋፕ ሳይኮሲስ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከደቡብ አፍሪካና ከአሜሪካ ተቋማት ጋር ሆኖ የስኪዞፍሬንያና የባይፖላር ሕሙማንን፣ ለንጽጽርም የጤነኞችን ምራቅ የሰበሰበበት ጥናት ነው። አፍሪካ ለምን ተፈለገች? በ2022 እ.ኤ.አ. በኔቸር መጽሔት የወጣው ግዙፍ ጥናት ከስኪዞፍሬንያ ጋር የተያያዙ 287 የዘረመል ሥፍራዎችን ቢለይም፣ ናሙናው ባመዛኙ የአውሮፓ የዘር ሐረግ ካላቸው ሰዎች የተወሰደ ነበር። የሰው ልጅ የዘረመል ብዝኃነት የሚሰፋው ግን እዚህ አፍሪካ ነው። የአእምሮ ሕመምን ማጥናትም ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ ቡታጅራ ላይ ከ68 ሺህ በላይ ሰው የተጠየቀበት የአእምሮ ጤና ጥናት በ1998 እ.ኤ.አ. ተጀምሯል።

የስታቲስቲክሱ ክፍል ይከብዳል፤ ብታልፉት አልቀየምም። ስለ ቤተሰብ የሚያወራውን ግን አትለፉ። አንድ ወላጃቸው ስኪዞፍሬንያ ካለበት ልጆች ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ በዚህ ሕመም አይያዙም። ልጅ ለመዳር የተነሣ ሁሉ ይህችን አንቀጽ ቢያነባት እወዳለሁ።

አዘጋጁ፣ ብስራተ ገብርኤል