አንድ እሹሩሩ ለሁለት ሕፃናት

በሲኒማ ሥራ ዘንድ አንድ የታወቀ ልማድ አለ። አንድ ከተማ ይመረጥና ብዙ አዘጋጆች ተጠርተው ለያንዳንዳቸው አንዳንድ ቀበሌ ይደለደልላቸዋል፤ እያንዳንዱም በደረሰው ቀበሌ አንድ አጭር ታሪክ ይሠራል፤ በመጨረሻም ሁሉ ተያይዞ በአንድ ፊልም ይታያል። ነገሩ ጎረቤት ሁሉ ከየቤቱ መሶብ ይዞ እንደሚመጣበት ቀን ነው፤ የአንዲቱ ወጥ ይጣፍጣል፤ የሌላዪቱ ጨው ያንሰዋል።

የፓሪስ ከተማ በ20 ቀበሌ የተከፈለች ስለ ሆነች ለእንደዚህ ያለ ሥራ የተመቸች ናት። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. በካን ከተማ የሲኒማ በዓል የታየው «ፓሪስ እወድሻለሁ» የተባለው ፊልም 18 ታሪኮች አሉት፤ አስቀድሞ የታሰበው 20 ነበር፤ 2ቱ ከቀሩት ጋራ ሊስማሙ ስላልቻሉ ተተው። ሁሉም ያማረ ነው ብል እዋሻለሁ፤ ከአዳራሹ ደጃፍ ሳይደርሱ የሚረሱ አሉበት። አንዱ ግን ከአሳቤ አልለይ ብሏል።

ይኸውም ዋልተር ሳሌስና ዳንየላ ቶማስ የተባሉ የብራዚል ሰዎች የሠሩት «ከ16ኛው ርቆ» የሚባለው ነው። 16ኛው ቀበሌ የባለጸጎች ሰፈር ነው። ከውጭ አገር የመጣች አንዲት ወጣት ሴት ገና ሳይነጋ ተነሥታ ሕፃንዋን ታቅፋ ልጆች ወደሚጠበቁበት ቤት ትወስደዋለች። ባስተኛችው ጊዜ ያለቅሳል፤ እርስዋም ጎንበስ ብላ ስለ ትንሽ እጅ የሚዘፈነውን እሹሩሩ በስፓኝ ቋንቋ ትዘፍንለታለች፤ ዝም ሲል ትታው ትሄዳለች። ከዚያ ከባቡር ወደ ባቡር እየተላለፈች ረዥም መንገድ ትጓዛለች። የምትደርሰውም በ16ኛው ቀበሌ ካለ ከአንድ ትልቅ ቤት ነው። እመቤቲቱ ዛሬ ማታ አንድ ሰዓት ያህል እዘገያለሁ ትላታለች፤ እርስዋም ግድ የለም ብላ ትመልሳለች። ወዲያው የቤቱ ሕፃን ያለቅሳል፤ ያችው ሴት ያንኑ እሹሩሩ ትዘፍንለታለች፤ ዓይንዋ ግን ወደ መስኮቱ ነው። ታሪኩ 5 ደቂቃ ያህል ነው፤ ስለ ድኽነት አንድ ቃል እንኳ የሚናገር ሰው የለበትም።

ይህ ልማድ ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ በ1965 ዓ.ም. 6 አዘጋጆች ስለ ፓሪስ እንዲሁ ያለ ፊልም ሠርተው ነበር። ከነርሱ አንዱ ክሎድ ሻብሮል የመረጠው ሰፈር በዚያው በ16ኛው ቀበሌ ያለውን ላ ሙዌትን ነው፤ ቃሉ በፈረንሳይኛ «ዲዳዪቱ» ማለት ነው። በባለጸጋ ቤት የሚያድግ አንድ ልጅ የአባትና የእናቱ ጠብ ቢያስመርረው ጆሮውን ይደፍናል፤ ጸጥታም ያገኛል። እናቱ ከደረጃ ወድቃ ስትጮኽ ግን አይሰማትም። አባቱን ሆኖ የተጫወተው ራሱ ሻብሮል ነው፤ እናቲቱም የዚያን ጊዜ ሚስቱ ስቴፋን ኦድራን ናት።

ሁለቱ ታሪኮች በ41 ዓመት ልዩነት የተሠሩ ሲሆኑ በአንድ ቤት ውስጥ የተደረጉ ይመስላሉ። በሁለቱም የእናት ድምፅ ሊሰማው ከሚገባው ልጅ ዘንድ አይደርስም።

እንዲህ ያለው ነገር በፓሪስ ብቻ የሚደረግ አይደለም። ከአገራችን ወደ ዓረብ አገር ሄደው የሰው ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች ጥቂቶች አይደሉም፤ በብዙዎቻችን ቤትም ሞግዚት አለች። እኔም ይህን ፊልም ባየሁ በማግሥቱ ልጃችንን የምትጠብቀውን ሴት «ልጅ አለሽ ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት። «አንዲት አለችኝ፥ ጌታዬ፤ አገር ቤት ከእናቴ ዘንድ ናት» አለችኝ። ከቤታችን ከገባች 3 ዓመት ሆኗታል።