ብረቷ ተመልሳለች፤ የሠሯት እጆችስ?



«ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ለአገራችን መመለሷ ይታወቃል። በዚያን ሰሞን በየሻይ ቤቱና በየእድሩ ድንኳን ወሬው ሁሉ እርሷ ነበረች። ስለ አውሮፕላኗ ይህን ያህል ሲወራ ስለተሠራችበት ሜዳ ግን የተነገረው ጥቂት ነው። በመሆኑም የዛሬው ርዕሰ አንቀጻችን ስለ ቀድሞው የአቃቂ የጦር አውሮፕላን ሜዳ ይሆናል።

የመጀመሪያዋ አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ዓመት ያህል ቆይቶም ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ አውሮፕላን ለማብረር የበቁ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ሆኑ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በባቡሩ መስመር በኩል የሚገኘው የአቃቂ ሜዳም ማረፊያ፣ መጠገኛና መለማመጃ ሆነ። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆኖ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችውን ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላን የሠራው በዚሁ ሜዳ ነው። አውሮፕላኗ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በረረች። አገር በተወረረችበት ወቅት፣ ጦሩ በግንባር እየተዋጋ ሳለ ማለት ነው።

በ1927 ዓ.ም. ጥቁር አሜሪካዊው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን የኢትዮጵያን ጥሪ ተቀብሎ መጥቶ የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆኖ ነበር። ያሉት አውሮፕላኖች ደርዘን ገደማ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹም መሣሪያ አልነበራቸውም። ታዲያ በእነዚህ ምን ይሠራል? መልእክትና መድኃኒት ያመላልሱባቸው ነበር፤ ያውም ሰማዩን ጠላት ሞልቶት። በጦርነቱ ማብቂያ ላይ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች የአቃቂን ሜዳ ደበደቡት። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተያዘች፤ «ፀሐይ»ም ተማርካ ወደ ኢጣሊያ ተጋዘች።

ከነጻነት በኋላ የአየር ኃይሉ ትምህርት ቤት በስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መሪነት በቢሾፍቱ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ አየር ኃይል ሲባል ቢሾፍቱ፣ አቃቂ ሲባል ደግሞ ፋብሪካ ሆነ። ሮቢንሰንም በ1936 ዓ.ም. ተመልሶ ወጣቶችን ሲያሠለጥን ቆይቶ፣ በ1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ሕይወቱ አለፈ።

እንግዲህ ልብ እንበል። የመሐንዲሱን ስም እናውቃለን፤ የአዛዡንም ስም እናውቃለን። እንጨቱን የላገው፣ ሸራውን የወጠረው፣ ሞተሩን ያጠበው ማን ነበር? «ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች» ተብሎ በሁለት ቃል ይታለፋል። ብረቷ ከ80 ዓመት በላይ በሰው አገር ቆይታ ተመለሰች፤ ያልተጻፈ ስም ግን ከየትም አይመለስም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው ለዚህ ነው።

ይህ ነገር ሐዋሳን ምን አገባት የሚል ይኖር ይሆናል። በጣም ያገባታል! ከተማችን የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ መባቻ፣ የሲዳማ ሕዝብ ከብቱን ያሰማራበት በነበረው በአዳሬ መስክ ላይ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሠፋሪዎች መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች ይገኙበታል። ስለ ከተማዋ አመሠራረት ሲወራ «ጡረተኛ ወታደሮች» ተብለው በጅምላ ይጠራሉ፤ በመስኩ የነበሩትም «ባለከብቶች» ተብለው ይታለፋሉ። ይህም ያው የአቃቂ ነገር መሆኑ ነው። የእነዚያ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ግን ዛሬም እዚሁ አጠገባችን አሉ፤ ያዩትን የሚያስታውሱ አዛውንቶችም አልጠፉም። ሆኖም በእድራችን መዝገብ ላይ በየጊዜው የምንሰርዘው የእነርሱን ስም ነው።

ስለዚህ መላው ነዋሪ የሚከተለውን እንዲፈጽም ማኅበራችን ያሳስባል፦

አንደኛ፣ የቆየ ፎቶግራፍ፣ የጡረታ ደብተር ወይም ደብዳቤ ያላችሁ ሁሉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይዛችሁ ብቅ በሉ። ግልባጩን አስቀርተን ዋናውን እዚያው እንመልስላችኋለን።

ሁለተኛ፣ ወጣቶች እያንዳንዳችሁ አንድ አዛውንት ያዙና ጠይቁ፦ ከየት መጡ? በየትኛው ዓመት? ሥራቸው ምን ነበር? ሾፌርም ይሁኑ መካኒክ፣ እረኛም ይሁኑ ወጥ ቤት፣ ሁሉም ይጻፍ። እማማዎችም አይረሱ፤ ባል ዘማች በነበረ ጊዜ ቤቱን ያቆሙት እነርሱ ናቸውና።

ሦስተኛ፣ አሮጌ ወረቀት አንድዶ ቡና ማፍላት ይቅር! በእሳት የገባ ሰነድ በኋላ ቢፈልጉት አይገኝም።

አባባና እማማ፣ እናንተም «እኔ ምን ታሪክ አለኝ» አትበሉን። በአቃቂ ሸራ የወጠረውም ሰውዬ እንዲሁ ብሎ ይሆናል።

የማኅበሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ
ሐዋሳ