«ዊል ዩ?» ልመና ነው ትእዛዝ?

ኩዌስችን ታግን የተማርነው እንደ ሒሳብ ነው። ዐረፍተ ነገሩ ፖዘቲቭ ከሆነ ጭራው ኔጌቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከሆነ ጭራው ፖዘቲቭ፤ አለቀ። ለምርጫ ጥያቄ ይበቃል። ሰው አንድ ነገር እንዲያደርግልን ስንጠይቅ ግን ሒሳቡ ይከሽፋል።

«ኦፕን ዘ ዶር» ካልን በኋላ ሒሳቡ «ዶንት ዩ?» በሉ ይለናል። ስሕተት ነው፤ ትክክሉ «ዊል ዩ?»፣ «ዉድ ዩ?» ወይም «ኩድ ዩ?» ነው። «ዶንት ቢ ሌት» እንኳን የሚከተለው «ዊል ዩ?» ነው። ለ«ሌትስ ጎ» ደግሞ «ሻል ዊ?»። እኛ ግን ሁሉም ላይ «ኢዝንት ኢት?» እንለጥፋለን። ለሁሉም የምትሆን «አይደል?» የምትባል ቃል ይዞ ያደገ ሰው ሌላ ምን ያድርግ? ሕንዶችም እንዲሁ ይላሉ፤ ብቻችንን አይደለንም።

ይሄ ሰዋስው ነው፤ ብንሳሳትም ሰው ይረዳናል። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ሰዋስዉ ልክ ሆኖ ሰው የሚያስቀይመው ነው። አማርኛ አክብሮቱን ግሡ ውስጥ ይከትተዋል። «ይላኩልኝ» ስንል አንቱታውም ውለታ መጠየቁም እዚያው አለ። የዛሬ እንግሊዝኛ ለአለቃም ለታናሽ ወንድምም ያለው አንድ «ዩ» ነው፤ ስለዚህ ትሕትናው በሌሎች ቃላትና በድምፅ አወጣጥ ይመጣል። «ሴንድ ሚ ዘ ፋይል፣ ዊል ዩ?» ለጓደኛ ምንም አይደል። ለአለቃ ወይም ቃለ ምልልስ ለምንለምነው ሰው ግን፣ በተለይ መጨረሻው ላይ ድምፃችንን ጣል ካደረግነው፣ ትዕግሥቱ ያለቀ ሰው ንግግር ይመስላል። እኛ እኮ ጭራ ስለቀጠልን የተለሳለስን ይመስለናል!

የለሰለሰው «ዩ ኩድንት ሌንድ ሚ ኤ ፔን፣ ኩድ ዩ?» የሚለው ነው። «አትችልም መሰለኝ» ብሎ ይጀምራል፤ የተጠየቀው ሰው ሳያፍር እምቢ የሚልበት ቀዳዳ ያገኛል። ይህ ደግሞ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ታክሲ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጠውን ሰው «የመቶ ብር ዝርዝር አይኖርህም?» የምንለው ለምን ሆነና? የለውም ብለን አይደለም። ክፍል ውስጥ ይህቺን አንድ ምሳሌ ያነጻጸረልን መምህር ቢኖር ስንት ሰዓት ባተረፍን!

ኢሜይል ላይ ድምፅ ስለሌለ ጭራውን ትቶ «ኩድ ዩ ፕሊስ» ብሎ መጀመር ይሻላል።