የባሕር ዳር ራፐሮች የጎደላቸው ስቱዲዮ አይደለም

ዛሬ ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናው እስኪፈላ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት አንድ የወጣቶች ዝግጅት ላይ ተጋብዤ ነበር። የት እንደሆነ ይቅር። ሁለት የሰፈሬ ልጆች፣ የሹም አቦ ልጆች፣ ራፕ ሊያቀርቡ ተመዝግበው ኖሯል። ሊጀመር ሲል አስተባባሪው ጠራቸውና "ወይ ማሲንቆ የሚመታ ሰው ጨምሩበት፣ ወይ የባህል ልብስ ልበሱ፤ እንዲህ ሆናችሁ መድረክ አትወጡም፤ ይሄ የኛ ባህል አይደለም" አላቸው። ልጆቹ ተያዩ። አንደኛው ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው። "እሺ ይቅር" ብለው ወጡ። እኔ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እየሰማሁ ነበር፤ ዝም አልኩ። ያ ዝምታ ነው እንግዲህ ዛሬ የሚያስለፈልፈኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። "ራፕን የፈጠርነው እኛ ነን፣ ከቅኔ ተሰርቆ ነው" የሚሉ ፖስቶችን አልወድም። አልተሰረቀም። ሂፕ ሆፕ የልደት ቀኑም፣ የቤት ቁጥሩም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1973፣ ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ፣ ሴጅዊክ ጎዳና፣ ቁጥር 1520። ሲንዲ ካምቤል የምትባል ልጅ ለትምህርት መክፈቻ ልብስ መግዣ ይሆናት ዘንድ በሕንፃው አዳራሽ የመግቢያ ሳንቲም እያስከፈለች ጭፈራ አዘጋጀች። ሙዚቃውን የያዘው ጃማይካ የተወለደው ወንድሟ ነው፤ ዲጄ ኩል ኸርክ ይሉታል። ሁለት ሸክላ ማጫወቻ አቀናጅቶ፣ ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻ የሚቀርበትን ቦታ እየደጋገመ አስረዘመው። ጨፋሪው ያን ነበር የሚጠብቀው። በላዩ ላይ ደግሞ በማይክ የሰው ስም እየጠሩ ማሞገስ፣ መቀለድ። ራፕ ከዚያ አደገ።

ቀኑን በኛ ስቆጥረው ነሐሴ 5 ቀን 1965 ዓ.ም. ይመጣል። ቡሄ ስምንት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ያን ሳምንት እኛ ጋ ልጆች ጅራፍ እየገመዱ፣ የሆያ ሆዬ ዱላ እየቆረጡ ነበር። እነሱም ቢሆኑ በየደጁ ቆመው የጌታውን ስም በግጥም እያስገቡ፣ በዱላ መሬት እየመቱ፣ ሳንቲም ሊሰበስቡ ነው። አንዱ ከሌላው አልተማረም። ግን የብሮንክሱን ታሪክ ክፍል ውስጥ ስናገር አንድም ልጅ "ይሄ ምንድን ነው?" ብሎኝ አያውቅም። ገብቷቸዋል።

እኛ ጋ እንዴት ደረሰ? እኔ ያየሁትን ልናገር። ባሕር ዳር አማርኛ ማስተማር የጀመርኩት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ፖሊና ፔዳ ተዋህደው በ1992 ዩኒቨርሲቲ ሆነዋል፤ ከተማዋ ከየአቅጣጫው በሚመጣ ተማሪ መሞላት ጀምራለች። ሲዲውን በሻንጣቸው የሚያመጡት እነሱ ነበሩ። የሰፈር ልጆች ይዋሳሉ፣ ያስገለብጣሉ። ጸጉር ቤቶች ግድግዳ ላይ ቱፓክ ተለጠፈ። ሰውየው ከሞተ ዓመታት አልፈዋል፤ እዚህ ግን ገና መወለዱ ነበር። ሰፊው ሱሪ ከሰልባጅ ይገኛል፤ ለግዙፍ ሰው የተሰፋ ስለሆነ የ15 ዓመት ልጅ ሲለብሰው ያለ ምንም ድካም ሂፕ ሆፕ ይሆናል። እንግሊዝኛው ለማንም አይገባም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ለኔም አይገባኝም። ልጆቹ የያዙት ምቱንና ንዴቱን ነው።

ለብዙ ጊዜ የሚያንጎራጉሩት እንግሊዝኛ የሚመስል፣ ግን ያልሆነ ነገር ነበር። ከዚያ ቴዲ ዮ "ጉራጌ ቶን"ን ይዞ መጣ። እናንተ በሠርግ ጨፈራችሁበት፤ ለኔ ክፍል ልጆች ግን ማረጋገጫ ነበር። በአማርኛ፣ በአገር ቤት ምት፣ ራፕ ይሆናል ማለት ነው! ብዙም ሳይቆይ ከኋላ ወንበር "የጎጃም ቶን" የሚባል ነገር ተጀመረ። ዴስክ እየተመታ። እኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስለ ሰዋስው እየጻፍኩ።

ቀረጻውን ያየ ሰው ይስቃል፣ ቀጥሎ ያዝናል። የአንዱ ወንድም ኮምፒውተር፣ መስኮቱ ላይ የተሰቀለ ብርድ ልብስ፣ ማይኩ የስልክ ጆሮ ማዳመጫ። ቢቱ ከኢንተርኔት የወረደ ስለሆነ በየመሐሉ የባለቤቱን ስም የምትጠራ የፈረንጅ ሴት ድምፅ አለችበት፤ እሷን ማጥፊያ ብልሃት ስላልነበራቸው ግጥሙን እሷ ዝም እስክትል ያቆሙት ነበር። አንዳንዱ እንዲያውም ከስሟ ጋር ቤት አስመታላት። ያለቀው ዘፈን በብሉቱዝ ከስልክ ስልክ ይዞራል፤ ሚሞሪ የሚጭኑ ሱቆች ጋ ደርሶ ከታላላቆቹ ዘፋኞች ጎን "የሰፈር ልጆች" ተብሎ ፎልደር ከተከፈተለት ትልቅ ክብር ነው። ከዚያ ስልኩ ይሰረቃል፣ ሚሞሪው ይቃጠላል፣ ኮምፒውተሩ ፎርማት ይደረጋል። እኔ የማውቀው የዚህ ከተማ ራፕ አብዛኛው እንዲህ ሆኖ ቀረ። አንድ ቅጂ የለም። የሰው ጭንቅላት ውስጥ ሁለት ሁለት መስመር አለ፣ እሱም እየተረሳ ነው።

እና "መጤ ነው" ይሉናል።

የቻግኒዋን ልጅ፣ እጅጋየሁ ሽባባውን (ጂጂን) የማይወድ ሰው እዚህ ገጽ ላይ የለም ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውን "ጂጂ" የተሰኘ አልበሟን ፕሮዲውስ ያደረገው ቢል ላስዌል ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1983 ከኸርቢ ሀንኮክ ጋር "ሮኪት"ን የሠራ ነው፤ ዲጄ ሸክላውን በጣቱ ወደፊት ወደኋላ እየፋቀ የሚያወጣውን ድምፅ ለዓለም ሕዝብ ጆሮ ያደረሰው ሙዚቃ። ሀንኮክ ራሱ በጂጂ አልበም ላይ ተጫውቷል። በቄስ እግር ሥር ዜማ የጀመረች የአገው ምድር ልጅ ከዚያ ሰው ጋር ስትሠራ ጎጃምነቷ አልጎደለም። በሌላ በኩል ናስና ዴሚያን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት "አዝ ዊ ኢንተር" የቆመው በሙላቱ አስታጥቄ "የግሌ ትዝታ" ላይ ነው። ኦ ኖ የሚባለው አሜሪካዊ ደግሞ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከኛ የድሮ ሸክላዎች እየቆረጠ ሙሉ አልበም ሠራ፤ ርዕሱ ላይ ሳይቀር የአገራችንን ስም አስገባ። ፈረንጅ የአባቶቻችንን ሸክላ ሲቆርጥ በኩራት ሼር እናደርጋለን። የሹም አቦ ልጅ ቢቱን ሲያስነሳ "ማሲንቆ ጨምርበት" እንላለን።

ማሲንቆን እወዳለሁ። ግን ማሲንቆ ማህተም አይደለም፣ ቅመም አይደለም ጣል የሚደረግ። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ። እዚያ የሚያስፈራው ማሲንቆው ነው እንዴ? "ተቀበል!" ብሎ አንድ ጠጪ መስመር ሲወረውር፣ ያን ተቀብሎ፣ ቤት አስመትቶ፣ በሰውየው ራሰ በራ ላይ እየቀለደ ሳያስቀይም ማሳለፉ ነው ጥበቡ። ልጆቻችን የወረሱት ይህንን ነው። እንካ ሰላምታ ሲጫወቱ ያደጉ ልጆች ናቸው፤ ፊት ለፊት ቆሞ በግጥም መሰዳደብን ከቴሌቪዥን አልተማሩትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ። የምንኖርበት አገር የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ዲማ፤ ሁሉም ጎጃም ውስጥ ናቸው። "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ያነበበ የበዛብህን የተማሪ ሕይወት ያስታውሳል። የቅኔ ተማሪ ቀን ላይ ብቻውን ዛፍ ሥር ወይም አጥር ጥግ ተቀምጦ ይቆጥራል፤ ቅኔ ቆጠራ ይሉታል። በሁለት ቤት ይጀምራል፣ ጉባኤ ቃና ነው፤ እያለ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስና ከዚያም በላይ ይወጣል። (ልጆቹ "ባር" የሚሉትን እኛ "ቤት" እንላለን። ቤት ይበልጣል፤ ይኖርበታል።) የሰው ቅኔ መድገም ነውር ነው፣ የራስንም የትናንቱን ማምጣት ያሳፍራል። ይህ ሁሉ ከራፐር ጋር ይመሳሰላል፣ ሰው ሁሉም ይህን ያህሉን ይናገራል።

የማይናገሩት ቀጣዩን ነው። ቆጠራ ብቻውን ቅኔ አያደርግም። ነገራ አለ። ተማሪው የቆጠረውን ይዞ የኔታ ፊት ይቀርባል፣ ይናገራል፣ የኔታ ይሰማሉ። "ይሄ ሰሙ ከወርቁ አልገጠመም" ይላሉ። "ይሄ ቃል ሸክሙን አልቻለም፣ ሂድና መልስ" ይላሉ። ጥሩ ሲሆን ፊታቸው ይበራል፤ ለዚያ ብርሃን ብሎ በቆሎ የሚያድር ልጅ አለ። መምህሩ ስቱዲዮ አልሰጡትም፣ ገንዘብም የላቸውም። ጆሮ ሰጡት፤ የማይራራ ጆሮ።

የኛ ልጆች ቆጠራ አላቸው፣ ነገራ የላቸውም። ሌሊት ሙሉ ይጽፋሉ፤ ከዚያ የሚሰማቸው ወይ "ዱርዬ" የሚል አባት ነው፣ ወይ የማይረባውንም የሚረባውንም እኩል "እሳት ነው ብሮ" የሚል ጓደኛ። ሁለቱም አልሰሙትም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሥራቸው ደካማ ነው፤ ላድንቅላችሁ ብዬ አልዋሽም። ስለ መኪናና ስለ ዶላር የሚያወራ፣ አንድ ቀን መኪና ያልነዳ ልጅ ሞልቷል። ግን "ይሄን መስመር አትዋሽ፣ ስለ እናትህ የአረቄ ንግድ ያልከው ይሻላል" ያለው ማን አለ?

ሰሞነኛው ነገር ደግሞ አለ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ክልላችን ያለፈበትን ታውቃላችሁ። ለብዙ ወራት የሞባይል ዳታ አልነበረም፣ ማምሻውን ሰው ቤቱ ይገባ ነበር። ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይ ብቻ ይኖር የነበረ ነገር በአንድ ሌሊት ቤት አጣ። በዚያ ጊዜ ማታ ማታ ከጎረቤት ግቢ ጀሪካን እየመቱ ሲገጥሙ እሰማቸው ነበር። ኢንተርኔት የለ፣ ቢት የለ፣ መሰማት ያለበት ነገር ግን ነበራቸው። ከሰማኋቸው ሁሉ ምርጡ ያ ነበር፣ እሱም አልተቀረጸም። ጀሪካኑን ሲመታ የነበረው ከሁለቱ አንዱ ነው፣ ያ ኮፍያውን ያወለቀው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር፤ ሌላውን ወቅሼ መሄድ አይሆንልኝም።

በ2003 ዓ.ም. ከ10ኛ ክፍል አንድ ልጅ እጅ ደብተር ቀማሁ። ክፍል ውስጥ እያነበበ ሁለት ልጆችን ሲያስቃቸው ያዝኩት። ሙሉ ደብተር ራፕ። አንበረከክሁት፣ ወላጅ አስመጣሁ። ማታ ቤት ሄጄ ደብተሩን ገለጥኩት፤ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ? በቀይ እስክሪብቶ "ሀ"ውን በ"ሐ" አረምኩ። ስምንት ገጽ። አንዲት እናት ከእንጨት ጭነት ጋር ከከተማ ዳር ስትመለስ የሚያወራ ግጥም ላይ፣ ዛሬ ሳነበው አፌን የሚያሲዝ ግጥም ላይ፣ የሆሄ እርማት ብቻ! ከዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ ወረወርኩት።

ልጁ ዛሬ ባጃጅ ነው የሚነዳው፤ ሲያገኘኝ "ቲቸር ይግቡ" ብሎ ብር አይቀበለኝም። በዚህ ክረምት ቤት ስቀይር ደብተሩ ተገኘና ልመልስለት ነገርኩት። ሳቀ። "የኔ መቼ ሆነና" አለኝ። ደብተሩ ፊት ወንበር ትቀመጥ የነበረች የአንዲት ልጅ ነው። ዝምተኛዋ፣ በእጅ ጽሕፈቷ ሸልሜያት የማውቃት። ለሦስቱም ልጆች የምትጽፍላቸው እሷ ነበረች፤ ራሷ እንዳትል ወንድሟ ይገድላታል። የሸለምኩትን ጽሕፈት ደብተሩ ላይ አላወቅሁትም፤ አላየሁትማ! አንዱ አረብ አገር ሄደች ይላል፣ ሌላው ዱርቤቴ አግብታለች ይላል።

እንግዲህ ከፊታችን ቅዳሜ ጀምሮ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግቢዬ ክፍት ነው። ሹም አቦ፣ ቤቴን ሰፈሩ ያውቀዋል። የጻፈ ይምጣ፣ ይበል፣ እሰማለሁ፣ አርማለሁ፤ በሆሄ አልጀምርም። ማሲንቆ ይዞ የመጣም እንኳን ደህና መጣ፣ ግን ግዴታ አይደለም። ሁለቱ ልጆች ትናንት ማታ መጥተው ነበር። አንዱን መስመር "ይሄ የሰው ነው፣ ያንተ አይደለም" አልኩት፤ ግማሽ ሰዓት ተከራከረኝ፤ በመጨረሻ ሰርዞ ሌላ ይዞ እመጣለሁ ብሎ ሄደ።

ያረጀ ሚሞሪ፣ የተሰበረ ስልክ፣ የተቀመጠ ሲዲ ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ አትጣሉት፤ አምጡልኝ፣ የሚከፍት ልጅ አግኝቻለሁ።

ደብተሩ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ባለቤቱ ይህን ካነበብሽ ራስሽ ነይ፣ ወይም ሰው ላኪ፣ ወይም በውስጥ መስመር ብቻ "አለሁ" በይኝ። ቀዩን እስክሪብቶ ላስለቅቅልሽ ሞክሬ ነበር፤ ወረቀቱ መቀደድ ሲጀምር ተውኩት።